የተበላው ኩሽኔታ

«አጥብቀህ ያዝ፤ ብሎኑ ሊለቅ ነው» አለች ጃለቱ።

የተገለበጠ በርሜል ላይ ቆማ፣ ሁለት እጇን ወደ ጣሪያው ሰቅላ፣ የአባቷን የብሎን መፍቻ በሙሉ ኃይሏ ትጫናለች። ከሥሯ የቆመው ታላቅ ወንድሟ ኦብሳ በአንድ እጁ የጋራዡን በር ደግፎ በሌላው ከላይ የሚረግፈውን ቀይ አቧራ ከዓይኑ ይከላከላል። ብሎኑ ተንቋቃና ለቀቀ። ጃለቱ አሮጌውን ኩሽኔታ ከሐዲዱ ስባ አወጣችው። በሩን ወደ ላይና ወደ ታች ከሚያንሸራትቱት ትናንሽ የብረት ጎማዎች አንዱ ነው። መዳፏ ላይ አገላበጠችው፤ በአንድ ጎኑ ተበልቶ ክብነቱ ጠፍቷል።

«ተመልከተው፤ የተመጠጠ ከረሜላ መስሏል» አለች።

«ጣሳው ውስጥ ጣይው። ገና ብዙ ይቀረናል፤ እማ ከመምጣቷ በፊት እንጨርስ» አለ ኦብሳ።

ይህ በር በኬንያው ሞያሌ፣ በሄሉ ሰፈር መተረቻ ነው። ሰው ሁሉ ግራና ቀኝ የሚከፈት የላሜራ በር ሲያሠራ፣ የልጆቹ አባት ገልገሎ ናይሮቢ ከፈረሰ ቤት ወደ ላይ ተነሥቶ ጣሪያ ሥር የሚተኛ በር ጭኖ መጣ። ገልገሎ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከሞያሌ ሞምባሳ ይመላለሳል። አንድ ቀን ለሚገዛት የቤት መኪና ብሎ ጋራዡን ሠራላት፣ በሩን ገጠመላት፣ እሷ ግን እስከ ዛሬ አልመጣችም። ጋራዡ ባዶውን ሲከርም ኦብሳ አልጋውን ተሸክሞ ገባበት።

በሩን የገደለው የገልገሎ ፍቅር ነው። ሹፌር አይደል፣ ለሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ ግራሶ ይመስለዋል። ከጉዞ በተመለሰ ቁጥር ሐዲዱን ከዳር እስከ ዳር ግራሶ ይለቀልቀዋል። የሞያሌ ንፋስ ደግሞ ቀይ አፈሩን ያመጣና እዚያው ላይ ይለጥፈዋል። ግራሶና አፈር ተቦክተው እንደ ሞረድ ኩሽኔታዎቹን በሏቸው። «ገልገሎ ግራሶ ያልቀባው ነገር ቢኖር ሻዩን ብቻ ነው» ትላለች ሚስቱ ደመቀች። ደመቀች ከወዲያ ማዶ፣ ከኢትዮጵያው ሞያሌ ተድራ የመጣች ናት፤ ዛሬም ድንበር ተሻግራ ሽንኩርት ልታመጣ ሄዳለች።

እንግዲህ በሩ ሲከፈትም ሲዘጋም ይጮሃል። ጩኸቱ ጥርስ ያንቀጠቅጣል፤ የጎረቤት ውሾች ሳይቀሩ ይመልሱለታል። ደመቀች ግን አንድም ቀን አማርራው አታውቅም። ማታ የግቢውን በር ቆልፋ ቁልፉን ትራሷ ሥር ታደርግና ጋደም ብላ ትጠብቃለች። ኦብሳ ከጓደኞቹ ጋር አምሽቶ በጋራዡ በኩል ገብቶ በሩን ስቦ ሲያወርደው ያ ጩኸት ይመጣል። ያኔ «ተመስገን» ትልና ትተኛለች። ገልገሎም አምሽቶ ሲደርስ የሚያንኳኳው እዚያው ነው፤ ኦብሳ ሲከፍትለት በሩ ይጮሃል፣ እሷም ተነሥታ እሳት ታያይዛለች።

አዲሶቹን ኩሽኔታዎች ያስመጣው ኦብሳ ነው። የአባታቸው ጓደኛ ጋሽ ቦናያ ናይሮቢ ሲወርድ አደራ ብሎት፣ ነጭ፣ ቀላልና ድምፅ አልባ የሆኑትን አምጥቶለታል። «እማን እናስደንቃት፤ አንቺ እጅሽ ብረት ይወዳል» ሲላት ጃለቱ ደስ ብሏት ነበር። እውነቱን ነው። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ አባቷ መኪናው ሥር ሲተኛ መፍቻ የምታቀብለው እሷ ናት። «ሞላ ተወጥሮ እያለ ብሎን የሚፈታ ሰው ጣቱን የጠላ ሰው ነው» የምትለዋን የአባቷን ምክር አልረሳችም። በሩ ሲወርድ የሚያነሣው ሞላ ይወጠራል፣ ሲነሣ ይላላል። ስለዚህ መጀመሪያ በሩን ወደ ላይ አንሥተው በሁለት አጣና ደገፉት፤ ከዚያ ሐዲዱን በቢላ ፍቃ፣ በላምባ በራሰ ጨርቅ ወለወለችው። አሁን አንዱን ኩሽኔታ ፈትታ አንዱን ትተካለች።

መሐል ላይ ሲደርሱ የኦብሳ አልጋ መንገድ ዘጋባቸው። ጃለቱ ከበርሜሉ ወርዳ አልጋውን ገፋ ስታደርገው ከሥሩ የትምህርት ቤት ቦርሳው ብቅ አለ። እስኪተረተር ተጠቅጥቋል። ልታነሣው ብትል ዚፑ እስከ ግማሽ ክፍት ነበርና ውስጡ ታያት። ደብተር የለም። የአባቷ ወፍራም ሹራብ አለ፣ የእጅ ባትሪ አለ፣ በላስቲክ የተቋጠረ ቆሎ አለ።

ሞያሌ ውስጥ ሹራብ የሚለብሰው ወባ የያዘው ሰው ነው። ሌላው ደግሞ የከብት መኪና አናት ላይ ተቀምጦ በብርድ ወደ ደቡብ የሚወርድ ነው። የሹፌር ልጅ ይህን ለማወቅ አስተማሪ አያስፈልጋትም።

«ኦብሳ፣ ወዴት ነው?»

ኦብሳ መጀመሪያ ሊስቅ ሞከረ። ከዚያ ቦርሳውን በእግሩ ወደ አልጋው ሥር መለሰው።

«ሞምባሳ» አለ። «ማክሰኞ ጎሕ ሳይቀድ። የፌይዝ አጎት ከብት ጭኖ ይወርዳል፤ እኔና ፌይዝ ላይ ላይ ቁጭ እንላለን።» ፌይዝ የክፍል ጓደኛው ነው። «ወደቡ ላይ ሥራ ሞልቷል አሉ። ፎርም ሁለትን ደግሜ ከሕፃናት ጋር ከምቀመጥ ይሻለኛል። ፋራ ሆኜ አልቀርም።»

«ስለዚህ በሩ ለእማ ስጦታ አይደለም።»

ኦብሳ አንገቱን ደፋ። «በቀን መሄድ እንደማይቻል ታውቂያለሽ። እዚህ ከተማ ሰው ዳር ላይ ሆኖ ቢያነጥስ እናቱ እቤቷ ሆና ይማርህ ትላለች። በግቢው በር እንዳልወጣ ቁልፉ ትራሷ ሥር ነው። ይኼኛው ደግሞ…»

«ይጮሃል» አለች ጃለቱ።

«አዎ፣ ይጮሃል። እንደደረስኩ አብዱራሺድ ሱቅ እደውላለሁ።» የሰፈሩ ስልክ ያለው አብዱራሺድ ሱቅ ነው፤ ሞባይል በዚያን ጊዜ የነጋዴዎች ጌጥ ነበር።

«ሁቃም ናይሮቢ ድረስ ብቻ ነው ብሎ ነበር።»

ሁቃ የአክስታቸው ልጅ ነው። ናይሮቢ ብሎ ወጥቶ፣ ከዚያ ታንዛኒያ ታየ ተባለ፣ ከዚያ ደቡብ አፍሪካ ሊገባ ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ።

«እኔ ሁቃ አይደለሁም» አለ ኦብሳ።

«እሺ፣ ለምን ነግረሃት አትሄድም?»

«ካየኋት አልሄድማ!» አለ ኦብሳ። «ታለቅሳለች፣ እኔም አለቅሳለሁ፣ በቃ ቦርሳዬን ፈትቼ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ገባሽ? ስለዚህ ለማንም እንዳትናገሪ። አባ ይሙት በይ።»

አባታቸው መንገድ ላይ ነው። መንገድ ላይ ባለ ሹፌር እንዲህ አይማልም።

«እሱን አልልም» አለች። «ግን አንዲት ቃል ከአፌ አትወጣም።»

«ሳዋ፣ እሺ» አለ ኦብሳ፣ እፎይ ብሎ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

ጃለቱ ተመልሳ በርሜሉ ላይ ወጣች። ተናድዳለች፤ እጇ ግን ሥራውን አላቆመም። የቀሩትን ኩሽኔታዎች አንድ በአንድ ቀየረች። አጣናዎቹን አንሥተው በሩን ሲያወርዱት ትንፋሹ እንኳ አልተሰማም። ኦብሳ ሦስት ጊዜ አነሣው፣ ሦስት ጊዜ አወረደው፣ ትከሻዋንም መታ አደረጋት። ከሁሉም የበለጠ ያንገበገባት ሥራዋ ማማሩ ነው።

የዚያን ዕለት ማታ ደመቀች እንደ ልማዷ ጋደም ብላ ጠበቀች። ጃለቱ አብራት ነው የምትተኛው፤ እናቷ ስትገላበጥ ትሰማለች።

«ይኼ ልጅ ዛሬ የት ቀረ?» አለች ደመቀች።

«ገብቷል እማ። በሩን ጠግነነዋል እኮ፣ አይጮህም።»

«እውነት?» አለች ቀና ብላ። «እሰይ፣ እጃችሁ ይባረክ።» ከዚያ ነጠላዋን ደርባ ወጣች። የጋራዡን የውስጥ መዝጊያ ገፋ አድርጋ አይታው ተመለሰች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ተነሣችና አየችው።

በማግስቱ አዳዳ ሻሮ መጣች። አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ናት፤ ሻሮ የገልገሎ ታላቅ እህት፣ የሁቃ እናት። ቀን ቀን የመኪና ማቆሚያውን እየዞረች ወደ ደቡብ የሚመላለሱትን ሹፌሮች ሁሉ ልጄን አይታችሁታል ወይ ትላለች። ሲደክማት ደግሞ እዚህ መጥታ ከደመቀች ጋር ሽንኩርት ትለቅማለች።

«እትዬ ሻሮ፣ ዛሬስ ወሬ አለ?» አለቻት ደመቀች፣ እንደ ሁልጊዜው።

«የለም። ነገ ይኖር ይሆናል።»

በእነ ገልገሎ ቤተሰብ አንድ ወግ አለ። ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ ከአንድ ኩባያ ወተት ግማሹን ጠጥቶ ግማሹን ይተዋል። ሻሮ «ነጋን ጋሊ» ትለዋለች፣ በሰላም ግባ ማለቷ ነው። የቀረው ወተት ይከደናል፤ መንገደኛውን የሚጠብቀው እሱ ነው ይባላል። እውነቱን ለመናገር የገልገሎ መኪና ከመታጠፊያው ሳያልፍ ጃለቱና ኦብሳ ተሻምተው ይጠጡት ነበር። ቢሆንም ገልገሎ እስካሁን ሳይመለስ ቀርቶ አያውቅም።

«ሄደ ብዬ እኮ አይደለም የምቃጠለው» አለች ሻሮ፣ ሽንኩርት እየላጠች። «ወንድ ልጅ ይሄዳል፤ አባቱስ ሄዶ የለ? ኩባያዬን ሳያጎድልልኝ ሄደ። ያን ጠዋት ሻይ አፍልቼ ‹ሁቃ› ብዬ ጠራሁት። ዝም። ተኝቷል ብዬ ደግሜ ጠራሁ። አሁንም ስነቃ አፌ ለምዶበት ይጠራዋል። አቤት የሚለኝ የለም።»

ደመቀች እጇን የሻሮ ጉልበት ላይ አሳረፈች። ኦብሳ በግቢው የውኃ በርሜል ዘንድ እጁን ሊታጠብ ጎንበስ ብሎ ነበር። ውኃ የሞላውን ጣሳ እንደያዘ ቀረ። ከዚያ ውኃውን ወደ በርሜሉ መልሶ፣ ሳይታጠብ ወደ ጋራዡ ገባ። ራት ሲጠራ አሞኛል አለ።

ጃለቱ ያን ሌሊት በሐሳብ ወዲያና ወዲህ ስትል አደረች። ብትናገር ወንድሟን ከዳችው፤ ዳግመኛ ምስጢሩን አይነግራትም። ዝም ብትል ደግሞ ማክሰኞ ጠዋት እናቷ ሻይ አፍልታ ትጠራለች። ሞምባሳ ገሃነም አይደለም፤ አባቷ ይመላለስበት የለ? መሄዱ አይደለም የከበዳት። ያንን ዝም ያለ በር የሠራችው በራሷ እጅ መሆኑ ነው የከበዳት።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ኦብሳ ኳስ ሜዳ ነበር፣ እናቷ ገበያ። ዩኒፎርሟን ሳትቀይር ጋራዡ ገባች። በሩን አነሣች፣ በአጣናዎቹ ደገፈችው፣ ባዶውን በርሜል ገለበጠችና ወጣችበት። የአሮጌዎቹን ኩሽኔታዎች ጣሳ ዘረገፈችና በጣም የተበላውን፣ ያንን የተመጠጠ ከረሜላ የመሰለውን፣ ፈልጋ አገኘችው። ከመሐል አንዱን አዲስ ኩሽኔታ ፈትታ አወጣችና በቦታው አሮጌውን አስገባች። እጇ ስለቸኮለ አንዱ ብሎን አምልጧት አልጋው ሥር ገባ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ በደረቷ ተኝታ፣ ያ የተጠቀጠቀ ቦርሳ አጠገብ ሆና ብሎኑን ለቀመችው። ቦርሳውን አልነካችውም።

ማታ ኦብሳ ገብቶ በሩን ሲያወርደው መጀመሪያ በጸጥታ ወረደ፤ መሐሉ ላይ ሲደርስ ጮኸ። የጎረቤት ውሻ መለሰ።

«ውይ፣ በሩ ደግሞ አገረሸበት» አለች ደመቀች ከጓዳ። «ተመስገን፣ ገባ ማለት ነው» አለች፤ ድምጿ ቀለል አለ።

ኦብሳ ወዲያው ግቢው ውስጥ ብቅ አለ። ጃለቱ ዕቃ ታጥብ ነበር።

«ምንድን ነው ያደረግሽው?» አለ በሹክሹክታ። «ቃል ገብተሽልኝ አልነበር?»

«ቃሌን ጠብቄአለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።»

«አትቀልጂ ጃለቱ። የምሄደው ነገ ነው።»

«አልቀለድኩም።» እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ከኪሷ ነጩን አዲስ ኩሽኔታና የአባቷን መፍቻ አወጣችና አንድ ላይ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። ሊሰድባት ይችላል፣ ሊጠላት ይችላል፣ ሁሉንም አስባበታለች። «ከፈለግህ ቀይረው። ከግራ በኩል መሐለኛው ነው፤ ሦስት ብሎን ብቻ። በሩን አንሥተህ በደንብ ደግፈው፣ ሞላው ተወጥሮ እያለ እንዳትፈታ።»

ኦብሳ መዳፉ ላይ ያለውን አየ። መፍቻውን ጨብጦ ወደ ጋራዡ ተመለሰ፤ ጃለቱም የቀሩትን ሰሐኖች አጠበች።

ማክሰኞ አዛን ከመሰማቱ በፊት ጃለቱ ነቅታ ነበር። ከመኪና ማቆሚያው በኩል የሞተር ድምፅና የከብት ማጓራት ይመጣል። እናቷ አጠገቧ በረጅሙ ትተነፍሳለች። ከጋራዡ የመዝጊያ ብረት ሲንሸራተት ሰማች። ከዚያ ጸጥታ። ቀይሮታል ማለት ነው ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

በሩ ጮኸ።

ረጅም፣ ደረቅ፣ ጥርስ የሚያንቀጠቅጥ ጩኸት ነው። መፍቻው ሌሊቱን ሙሉ ከእሱ ዘንድ ነበር፤ ብሎኖቹም ሦስት ብቻ ነበሩ። ውሻው ጮኸ። ደመቀች ቀና ብላ ተቀመጠችና ነጠላዋን በጨለማ ፈለገች። ጃለቱ አብራት ልትነሣ አሰበች፤ ከዚያ ተወችና ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ሳበች።

«ኦብሳ?» አለች እናቷ ከደጃፉ።

ውጪ የመኪናው ክላክስ አንዴ ተነፋ። አንድ ልጅ ቦርሳውን አንግቦ ሮጦ ለመሰወር የሚበቃ ጊዜ አለፈ።

«አቤት፣ እማ» አለ ኦብሳ።